በአመድ ውስጥ የተወቀጠ ሩዝ

ለታላቅ ወንድሜ ለባካሪ፣

አሰላሙ አለይኩም። ጤናህ እንዴት ነው? ወገብህስ ተሻለህ? የማርሴይ ብርድ አልጠናብህም? ሚስትህ ሲቲና ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኛ አልሐምዱሊላህ አለን። የተራራውን ወሬ ከሌላ አፍ ከምትሰማው እኔው ልንገርህ ብዬ ነው።

ልጄ ዛይናባ እንግዶችን ወደ እሳተ ገሞራው ወደ ካርታላ መምራት ከጀመረች ወዲህ ልቤ እንደተሰቀለ ነው። ሐሙስ ዕለት ፈረንጆች፣ ባልና ሚስት፣ ይዛ ወጣች። ድንኳናቸውን ከፓርኩ ጫፍ፣ ጫካው ከሚያልቅበት ተከሉ። በማግስቱ ከጁምዓ በኋላ ምድር አጉረመረመችና አመድ ይዘንብ ጀመር። ቀኑ ጨለመ፤ ስልኳም አልሠራ አለ። ጎረቤታችን ምማዲ፣ "አይዞሽ፣ ተራራው ጉሮሮውን እየጠረገ ነው" ብሎ ሊያስቀኝ ሞከረ።

መንደሩ በሙሉ የዝናብ ውሃ ጉድጓዱን አመድ እንዳይገባበት ለመክደን ይራወጥ ነበር። እኔ ሙቀጫዬን ተሸክሜ ወደ ጫካው አፍ ሮጥኩ። እናታችን በጉም የጠፋን ሰው በውቀጣ ድምፅ ትጠራ እንደነበር ታስታውሳለህ። አክስታችን ማሪያማ ከኋላዬ፣ "አንቺ ዕብድ፣ ውሃሽን ክደኚ! ደግሞ ባዶ ሙቀጫ ይወቀጣል? ረሃብ ልትጠሪብን ነው?" እያለች ጮኸችብኝ። ዘነዘናውን አነሣሁ። ቆይታ ግን እያለከለከች ደረሰችና ለልጇ ሰርግ ያስቀመጠችውን ሩዝ ሙቀጫው ውስጥ ገለበጠችው። "በይ አሁን ውቀጪ!" አለችኝ። ሌሎቹም ሴቶች መጡ። እጃችን እስኪላጥ እየተቀባበልን ወቀጥን። እኔ ጫካውን ቀና ብዬ ማየት ፈራሁ።

ከዐስር ሰላት በኋላ፣ ወደ አመሻሹ፣ ዛይናባ ብቅ አለች። እንግዶቹን በድንኳኑ ገመድ ወገባቸውን አስራ እየመራች፣ ከአናቷ እስከ እግሯ አመድ ለብሳ። መጀመሪያ ያለችኝ፣ "ይህ ሁሉ ውቀጣ፣ የማን ሰርግ ነው?" ነው። ማሪያማም፣ "የአንቺ! ይህን መልክሽን አይቶ የሚያገባሽ ከተገኘ" አለቻት። ሳቅንም አለቀስንም።

ውሃዬ ተበላሽቷል፤ ከጎረቤት እቀዳለሁ። እሱስ ያልፋል። የከበደኝ፣ ዛይናባ እላይ የቀረውን ድንኳን ላምጣ፣ ሥራዬንም አልተውም ማለቷ ነው። ተራራው ይህን ስጽፍም ያጉረመርማል። በአገራችን ደንብ የእናት ወንድም ቃል አይሻርም። "ተዪ" ብለህ ጻፍላት ልልህ ነበር የጀመርኩት፤ እዚህ ስደርስ ግን ሁለት ሰው በገመድ ይዛ ስትወጣ ፊቴ ድቅን አለችና እጄ አልታዘዝ አለኝ። አንተው ፍረድ። የፈረድከውን እችለዋለሁ።

ሲቲን ሰላም በልልኝ፤ ልጆቹን አንድ በአንድ ሳምልኝ። ምማዲ ሰላም ይልሃል። ማሪያማም ሰላም ብላሃለች፤ ስለ ሩዙ ግን ገና አልተወችኝም። ዛይናባ እየጻፍኩ መሆኔን አይታ ምን እንዳልኩህ አልጠየቀችኝም።

እህትህ ሞይናኤቻ
ንጋዚጃ ደሴት፣ ከካርታላ ሥር
ሰኞ፣ ሻዕባን 12