የማይቆጠሩት ፍየሎች

ውድ እናቴ፣

እንዴት ነሽልኝ? ጉልበትሽ ተሻለው ወይስ ዛሬም ደረጃው ላይ እያረፍሽ ነው የምትወጪው? እኔም ባለቤቴ ሚልክያስም ደህና ነን፣ ይመስገን። ስልክ እያለ ደብዳቤ መጻፌ አይግረምሽ፤ እህቴ ቲቲ ስልኩን ስፒከር ላይ ስለምታደርገው ቤቱ ሁሉ ይሰማል። ይህን ግን ብቻሽን እንድታነቢው ፈለግሁ።

ሥራዬ በስልክ ማስተርጎም እንደሆነ ታውቂያለሽ። የደንበኛ ስም ማውጣት ስለማይፈቀድልኝ ሰውየውን አቶ ንጋቱ ልበላቸው። ኦክላንድ ሃያ ዓመት ታክሲ ነድተው፣ ጡረታ ሲወጡ ራቅ ያለ የገጠር ካውንቲ፣ የኛን ወረዳ በይው፣ ውስጥ መሬት ተከራይተው ፍየል ማርባት ጀመሩ። በሐምሌ ሰደድ እሳት ገባባቸው። መንግሥት ከብት ላለቀባቸው አርቢዎች የአስቸኳይ ጊዜ እርዳታ ይሰጣል፤ ማመልከቻው ግን ለማስተርጎም በተደወለልኝ ዕለት ይዘጋ ነበር። ሣሩ ሁሉ ስለነደደ፣ እርዳታው ካልመጣ መኖ መግዣ የላቸውም፤ የተረፉትን መሸጥ ነው።

የካውንቲው ሠራተኛ ስንት እንደሞቱ ጠየቀቻቸው። አሥራ ስምንት አሉ፣ ሳያመነቱ። ስንት ተረፉ ስትላቸው ወሬውን ወደ ሣሩ መለሱት። ደግማ ጠየቀች።

"ያቆይልኝ" አሉ።

የሰማሁትን እንጂ የራሴን መጨመር አይፈቀድልኝምና ያንኑ ተረጎምኩላት። ሴትዮዋ ግራ ገብቷት ይህ ቁጥር ነው ወይ አለችኝ። ሳቄ መጣ፤ አንቺ ትዝ አልሽኝ። ስንት ልጆች አሉሽ ሲሉሽ ይመስገን ብለሽ ወሬ ትቀይሪ የለ? ሁልጊዜ እስቅብሽ ነበር።

ሴትዮዋ ጠብቃ ጠብቃ፣ እንግዲያው ዜሮ ብዬ ልሙላው አለች። ዜሮን ለማንም መተርጎም አያስፈልግም። አቶ ንጋቱ፣ ቆመው የሚያመሰኩትን ገደለቻቸው እኮ አሉ። ቀጥሎ ምን ይመጣ ይሆን ብዬ ጆሮዬን ስቀስር፣ "ስማቸውን እጠራለሁ፤ መቁጠሩን እሷ ትቁጠር" አሉኝ።

ጀመሩ። ቃጭሌ፣ ዳማ፣ ሻሼ፣ ጆሮዋ የተቃጠለው ጉብሊት፣ በምራታቸው ስም የተሰየመችው ሰገነት... በወዲያኛው ጫፍ የሴትዮዋ እርሳስ ሲጭር ይሰማኛል። እኔም ሳላስበው በጣቴ መቁጠር ጀምሬ ኖሮ እጄን ጨበጥኩ። ሲጨርሱ ቁጥሩን እንዳትነግራቸው ለመኗት። "ይዤዋለሁ፤ ጮክ ብዬ አልናገረውም" አለች። ያንንም ተረጎምኩላቸው። ማመልከቻውም ተላከ።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ ዩኒየን ሲቲ አንድ ክሊኒክ ሄጄ ነበር። ነርሷ ፎርም ይዛ ስንተኛ እርግዝናዬ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ሰውን ቁጥር ስጠይቅ የምውል ሴት የራሴን ቁጥር መጥራት ፈራሁ። አምና ቸኩዬ በስልክ የነገርኩሽ፣ ከዚያም ሳይቆይልኝ ሲቀር ቲቲ ሁለተኛ እንዳታነሳው ያስጠነቀቅሽው ነገር ትዝ አለኝ። ነርሷን ምን አልኳት መሰለሽ? ያቆይልኝ። በአማርኛ። አስተርጓሚ ልጥራልሽ ወይ አለችኝ።

ፈጣሪ ጉልበትሽን ያጽናልኝ፣ ደጅሽን በሰላም ይጠብቅልኝ። መልስ አትጻፊልኝ፤ በስልክም አትጠይቂኝ። ጠዋት ጠዋት ስማችንን ተራ በተራ እየጠራሽ ስትጸልዪ ግን፣ የኔን ከጠራሽ በኋላ ትንሽ ቆም በይ።

የምትወድሽ ልጅሽ