ለተብርሃን ከሞሉ ወጣች

ማክሰኞ፣ ጥር 19 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተብርሃን ዛሬ ሱቋን ዘጋች። እዚህ ሞል ውስጥ አጠገቤ መጋረጃ ስትሸጥ ቆይታ ከነገ ጀምሮ ሾላ ገበያ ልትውል ነው። ዕቃዋን አብረን ስንጠቀልል ስልኳ ላይ ስለ ዓለማችን ግዙፍ ሞሎች የሚያወራ ቪዲዮ ከፍታ ነበር። የዱባዩ ውስጥ ሻርክ የሚዋኝበት ገንዳ አለ። የቴህራኑ ደግሞ በስፋት ይበልጠዋል፤ ቤተ መጻሕፍት ሳይቀር አለው። ቻይና ውስጥ ግን አንድ ግዙፍ ሞል ተሠርቶ ተከራይ አጥቶ ለዓመታት ባዶውን ቆመ።

ለተብርሃን መቀሷን አስቀምጣ ሳቀች። "በባዶነት ከሆነ እኛም ከዓለም እንቆጠራለን" አለችኝ።

እኔ አልሳቅኩም። ይህን የቀሚስ ሱቅ የያዝኩት የመስታወት በሩን ወድጄ ነው። ታች ኢምፔሪያል አደባባይ ላይ ሰዉ ከታክሲ ሲግተለተል በመስኮት አያለሁ፤ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ለቀሚስ ብሎ የሚወጣ ግን የለም።

"ሾላ የመስታወት በር የለም፤ ሰው ግን አለ። አንቺም ነይ" አለችኝና ሄደች።

እሷ እንደወጣች ጥበቃው ጋሽ ደምሴ መጡ። ኮሪደሩ መስኮት ስለሌለው ቀንም ያለ መብራት አይሆንም።

"ልጄ፣ በዚህ ፎቅ አንቺ ብቻ ቀረሽ። መብራቱን ላጥፋው?"

"ደንበኛ ቢመጣስ ጋሼ? ይብራ።"

ትንሽ አሰቡና "እሺ" ብለው የለተብርሃንን ወገን ብቻ አጠፉት። አሁን ጨለማው የሚጀምረው ከእኔ ግድግዳ ነው።