ለኦቦ ቶሎሳ ሸለቆ የሚበቃ ሌንስ

ሰኞ፣ ጥቅምት 3

ሁለቱም ሌንሶች ጠረጴዛዬ ላይ ናቸው፤ የሚቀርልኝ ግን አንዱ ብቻ ነው። አዲስ አበባ ካሜራ የሚሸጠው ጓደኛዬ ሚካኤል በአውቶቡስ ላከልኝ። «ሞክሪያቸውና አንዱን ቅዳሜ መልሺልኝ» ብሏል። አንዱ አሥራ አምስት ሚሊ ሜትር፣ ሌላው ሃያ አንድ። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ብዙ አገር ይይዛል።

የቸኮልኩት ለገበሬው ለኦቦ ቶሎሳ ነው። ቤታቸው ጉደር አጠገብ፣ ፏፏቴው ፊት ለፊት፣ ገደል አፋፍ ላይ ነው። ባለቤታቸው አዴ ጫልቱ ዓመቱን ሙሉ ታመው፣ ከስተው ስለከረሙ፣ እሑድ ጠቅልለው ሸነን ከተማ፣ ነርስ ልጃቸው ዘንድ ሊገቡ ነው። «መሬቴን በሙሉ በአንድ ወረቀት አንሺልኝ» አሉኝ። ሦስት ዓመት ሞክሬ አልሆነልኝም። ባለችኝ ሌንስ ፏፏቴው ሲገባ ማሳው ይቀራል። ወደ ኋላ እንዳልል ጀርባዬ ግድግዳቸው ነው።

ማክሰኞ

ካስተማርኩ በኋላ ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ተለማመድኩ። የእኔ ካሜራ በሌንሱ ውስጥ አያሳይም፤ የማየው በጎን ባለች ትንሽ መስኮት ነው። መስኮቷ ይህን ያህል ስፋት ስለማታሳይ፣ ካሜራው አናት ላይ የሚሰካ ሌላ ማያ ከየሌንሱ ጋር መጥቷል።

የዛሬ ጥፋቶቼ፦ ጣቴ ሁለቴ ገባ። ጫማዬ ገባ። ዘጠኝ ፎቶ ድፍን ጥቁር ወጣ፤ ለካ ክዳኑን አላነሳሁም። የሒሳብ አስተማሪዋ አስቴር አይታ «ይሄኛው ሌሊት ነው?» አለችኝ።

ረቡዕ

ጉደር። መጀመሪያ ሃያ አንዱ። ፏፏቴው ገባ፣ ገደሉ ገባ፣ ማሳው ግማሹ ቀረ። አሥራ አምስቱ ሁሉንም ያዘ፤ ግን ፏፏቴው የመርፌ ክር አከለ። ኦቦ ቶሎሳ የካሜራውን ስክሪን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ። «ውሃው የት ሄደ?» አሉኝ። በሚኒባስ ወደ አምቦ ተመለስኩ።

ሐሙስ

ዝናብ። ለሚካኤል ደወልኩ። «ሰፊ ሌንስ ሩቁን ለማስገባት ብቻ አይደለም እኮ» አለኝ። «ቅርብ የሆነ ነገር ስጪው። ፊትሽ ባዶ ከሆነ ሁሉም ይሸሽብሻል።» እሺ አልኩት እንጂ አላመንኩትም። ልቤ ወደ ሃያ አንዱ አዘንብሏል። አሥራ አምስቱን ካርቶኑ ውስጥ መለስኩት።

ዓርብ

ጠዋት ካርቶኑን ፈትቼ ሁለቱንም ይዤ ሄድኩ። ደግ አደረግሁ። የትናንቱ ዝናብ ፏፏቴውን ሞልቶታል። አሥራ አምስቱን ገጥሜ ማሳው ጠርዝ ላይ ቁጢጥ አልኩ፤ ያሸተው ጤፍ ሌንሱን ሊነካ ምንም አልቀረውም። ኦቦ ቶሎሳን ከፊቴ ሁለት እርምጃ ያህል ርቀት ላይ አቆምኳቸው።

በዚህ መሃል አዴ ጫልቱ ደጋፊ ሳይፈልጉ ከቤት ወጥተው የምስሉ ቀኝ ጫፍ ላይ ቆሙ። ይህ ሌንስ ጫፍ ላይ ያለውን ሰው ይለጥጣል። ወደ መሃል ይምጡ ልል ነበር፤ ያን ሁሉ በእግራቸው መጥተው እንደገና ይሂዱ ማለት አልሆነልኝም። አነሳሁ።

ማሳው አለ። ገደሉ አለ። ውሃው አሁንም ቀጭን ነው፣ ግን ዓይን ከጤፉ ተነስቶ ቀጥ ብሎ እሱ ጋ ይደርሳል። አዴ ጫልቱ ደግሞ ጉንጫቸው ሞልቷል፣ ትከሻቸው ሰፍቷል። ይቅርታ ልጠይቅ ስል ካሜራውን ከእጄ ወሰዱ።

«ኢላሊ» አሉ ባላቸውን፣ እይ ማለታቸው ነው። «ወፍሬያለሁ እኮ። ተመልሻለሁ።»

«አዴ፣ ሌንሱ ነው» አልኳቸው።

«እንግዲያው ሌንሱን አመስግኚልኝ።»

ኦቦ ቶሎሳ እስኪያስላቸው ሳቁ። እንዲህ ሲስቁ አይቼ አላውቅም።

ቅዳሜ

ሃያ አንዱ ጠዋት ወደ አዲስ አበባ ተመለሰ። ፎቶውን እዚሁ አምቦ በትልቁ አሳተምኩ። አታሚው አዴ ጫልቱ ላይ ጣቱን አድርጎ «ጫፉ ተለጥጧል፣ በኮምፒውተር ላቅናው?» አለኝ። ተወው አልኩት።

ነገ መኪናው ሳይነሳ አደርስላቸዋለሁ። ነርሷ ልጃቸው ልትወስዳቸው ትመጣለች፤ አንዴ ፎቶውን፣ አንዴ እናቷን ታያለች። መቼ ነው የተነሳው ብላ ከጠየቀችኝ ትናንት ነው እላታለሁ። ከዚያ በላይ፣ ያወፈራቸው ሌንሱ መሆኑን ላስረዳት ወይስ ለእናቷ ልተወው፣ ገና አልወሰንኩም።