በፕላስቲክ አበባ ስለተከለለው ገለልተኝነታችን

ለተከበሩ የባንካችን የስጋት ቁጥጥር ዋና ኃላፊ፤

እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ፣ እንቅልፍዎና የምግብ ፍላጎትዎ የተሟሉ እንደሚሆኑ አልጠራጠርም፤ የእኔን ሦስቱንም ወስደውብኛልና። አራተኛ ፎቅ ካለው የሞዴል ማረጋገጫ ክፍል ነው የምጽፍልዎ። ባለፈው ስብሰባ ላይ «ይህቺ ሴትዮ ለምንድን ነው የማትፈርመው?» ብለው በክብር ያነሱኝ ሠራተኛ ነኝ። ምክንያቴን በውስጥ መሥመር ደጋግሜ ልኬልዎ ነበር፤ ሥራ ስለሚበዛብዎ ከአንድ ዓረፍተ ነገር በቀር መልስ አልደረሰኝም። ስለዚህ የሰው እርዳታ ያገኙ እንደሆነ ብዬ በአደባባይ ጻፍኩት።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ ላስረዳ። ባንካችን ዴሪቫቲቭ የሚባሉ ውሎችን ይሸጣል፤ ዋጋቸው በሌላ ነገር ዋጋ፣ ለምሳሌ በውጭ ምንዛሪ ላይ የተንጠለጠለ ነው። እንደ ሽንኩርት ገበያ ወጥቶ ዋጋቸውን መጠየቅ ስለማይቻል፣ ሞዴል የሚባል ስሌት ይገምተዋል። ስሌቱን የሠራው ሰው ራሱን በራሱ እንዳያርም ደግሞ፣ ሌላ ሰው ከባዶ ተነሥቶ የራሱን ስሌት ይሠራና ያመሳክራል። ገለልተኛ ማረጋገጫ የሚባለው ይህ ነው፤ እንግዲህ ይባላል።

ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

፩ኛ፦ በእኛና በሽያጭ ክፍሉ መካከል የነበረውን ግድግዳ አስፈርሰው በምትኩ አንድ ትልቅ የፕላስቲክ አበባ ስላቆሙልን እናመሰግናለን። የሽያጭ ኃላፊው በቅጠሎቹ መካከል አንገቱን አስግጎ «እናንተ ሰዎች፣ አላለቀም እንዴ? ደንበኛ እየጠበቀ እኮ ነው!» ሲለን፣ ገለልተኝነታችን ምን ያህል እንደተከበረ ይሰማናል። የዓመቱን የሥራ ውጤታችንን የሚሞላልንም እሱ ራሱ መሆኑ፣ ዳኛውን ተከሳሹ የሚቀጥርበት አሠራር በዓለም ላይ ሳይኖር አይቀርም የሚል መጽናኛ ሰጥቶናል።

፪ኛ፦ ይህኛው ምስጋና ረዘም ይላል፤ ይታገሡኝ። ለሆስፒታል ሠራተኞች የጡረታ ፈንድ ሊሸጥ የተዘጋጀው ውል የሚሰላው ኮምፒውተሩ እንደ ዕጣ በዘፈቀደ እያወጣ በሚደረድራቸው ብዙ ሺህ የወደፊት የምንዛሪ ዋጋዎች ነው። ሁለት ሰዎች በሁለት ክፍል ተቀምጠው እንዲህ ያለ ዕጣ ቢያወጡ ውጤታቸው ይቀራረባል እንጂ አንድ አይሆንም። የእኛና የሽያጭ ክፍሉ ውጤት ግን አንድ ሆነ፤ እስከ መጨረሻዋ ኢምንት አሃዝ ድረስ! እንድፈርምበት የቀረበልኝ የማረጋገጫ ሪፖርትም «ፍጹም መጣጣም ታይቷል» ብሎ አረፈው። ጉድ እኮ ነው። ማመሳከሪያውን እንዲሠራ የታዘዘውን ባልደረባዬን አሳንሰር ውስጥ ይዤ ብጠይቀው፣ አላፈረም፤ ሳቀ። «የነሱኑ ስሌት ወስጄ ስሙን ቀየርኩትና አስኬድኩት፤ ምን አስለፋኝ?» አለኝ። ክቡርነትዎ ይህንን ሪፖርት ዓይንዎን በጨው ታጥበው «አርአያነት ያለው ሥራ» አሉት። ስሕተት ቢሆን ይታረም ነበር፤ ይህ ግን አንድን ሰው መስተዋት ፊት አቁሞ ሁለት ምስክር አገኘሁ ማለት ነው።

፫ኛ፦ በዚህ መስተዋት ውስጥ ስላለፈው ስሕተት። በውሉ መሠረት ምንዛሪው ከተወሰነ ጣሪያ ካለፈ ፈንዱ ለባንኩ ይከፍላል። ስሌቱ ይህ አደጋ እዚህ ግባ የማይባል ነው ይላል፤ ለምን ቢሉ፣ የምንዛሪውን መዋዠቅ የለካው ምንዛሪው ጸጥ ብሎ ከከረመበት አንድ ዓመት ብቻ ነውና። ከዚያ ወዲህ ያለውን ብጥብጥ ከቶ አላየውም። ከባዶ የሚሠራ ሰው ቢኖር ኖሮ ገና በመጀመሪያው ቀን ያገኘው ነበር። ይህንን ስጽፍልዎ «ጊዜው ሲረጋጋ እናየዋለን» ብለው በጸሐፊዎ በኩል ላኩብኝ።

፬ኛ፦ ታላቅ እህቴ አዋላጅ ነች። በቅርቡ ጡረታ ትወጣለች፤ መጦሪያዋ በዚሁ ፈንድ ውስጥ ነው፤ ሌላ ምንም የላትም። ውሉ የሚጸናው የፈንዱ አባላት ጉባኤ ሲያጸድቀው ስለሆነ፣ የሽያጭ ክፍሉ «በገለልተኛ ባለሙያዎች የተረጋገጠ» የሚል ወረቀት በየሆስፒታሉ አሳድሏል። የእኔ ፊርማ ሳይኖርበት መሆኑ ነው። እህቴ ወረቀቱን ይዛ ቤቴ መጣች፤ ደስ ብሏታል። «አንቺ ያለሽበት ክፍል ካየውማ እኔ ምን አስጨነቀኝ፣ እጄን አወጣለሁ» አለችኝ። ብዙ ዓመት የሠራሁበት ሙያ ለገዛ እህቴ ማጥመጃ ሲሆን ማየት ምን እንደሚመስል ልነግርዎ ብሞክር ጨዋነቴን አጣለሁ፤ አስጠላችሁኝ ብል ይበቃል። ሙያዬንም አስጠላችሁኝ።

ስለዚህ አልፈርምም። ዛሬም፣ በማስጠንቀቂያም፣ በሹመትም አልፈርምም። የባንክ ምስጢር አወጣች ብለው ከከሰሱኝ ደግሞ፣ እባክዎ ክሱን በሌላ ገለልተኛ ሰው ያስመርምሩልኝ።

መልካም ጤናና እየጨመረ የሚሄድ የምግብ ፍላጎት እየተመኘሁ፣ የከፍተኛ ጽሕፈት ቤትዎ ትሑት፣ ታዛዥና ከእንግዲህ ወዲህ የማትታዘዝ አገልጋይ፤

ከአበባው ወዲህ ያለችው መርማሪ

ማሳሰቢያ፦ ደብዳቤው እርስዎ ዘንድ ሳይደርስ፣ ውሉን ሊያጸድቅ በተጠራው ጉባኤ ላይ ቅጂውን የሰጠኋት እህቴ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አንብባዋለች። ጉባኤው ከማጽደቁ በፊት ስሌቱን ከራስዎ አንደበት መስማት ስለፈለገ፣ አዋላጆቹና ነርሶቹ ነገ ጠዋት ከነደንብ ልብሳቸው ቢሮዎ ይመጣሉ። ወንበር ቢያዘጋጁላቸው መልካም ነው። ባያዘጋጁላቸውም ግድ የለም፤ ሌሊቱን ሙሉ ቆመው ማደር የለመዱ ሰዎች ናቸው።