እማን የከለከልኳት ስኒ

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ ለሙንተሲር፣ ጅዳ።

አሰላሙ ዐለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። ሙንተሲሬ፣ ሰውነትህ እንዴት ነው? ሙቀቱስ፣ ሥራውስ? እንቅልፍስ ይወስድሃል? አላህ ካለህበት ይጠብቅህ። እኔ በሕይወት አለሁ፣ አልሐምዱሊላህ፤ ደህና ነኝ ብልህ ግን ውሸት ይሆንብኛል።

በጦርነቱ የተዘጋው ስልክ የተከፈተ ዕለት የእማን ሞት ስነግርህ፣ መጀመሪያ የጠየቅከኝ «ሐኪሙ እንዳዘዘው ነው ወይ ያበላሻት?» ብለህ ነው። ስልኩን ዘጋሁት። ቂም እንዳይመስልህ፣ በስልክ የሚያልቅ ነገር ስላልሆነ ነው። አብሮህ የሚኖረው ሰዑድ ነገ ወደ አንተ ስለሚመለስ፣ ዛሬ ቁጭ ብዬ በደብዳቤ ልንገርህ።

ደሴ ያየን ሐኪም ኩላሊቷ እንደደከመ ሲነግረን፣ ከምግቧ ጨው ይቅር፣ ሥጋ በልክ ይሁን፣ ሙዝና ብርቱካንም አታብዙባት አለን። ጠያቂ ደግሞ ታውቀዋለህ፣ ሙዝ ሳይዝ አይመጣም፤ እየተቀበልኩ ለጎረቤት ልጆች አድል ነበር። ድስቷን ለየሁ። በርበሬውም ጨው ስላለበት ለእሷ ሌላ አስፈጨሁ። «አልጫ ኑሮ አኖርሽኝ» እያለች ትስቅብኝ ነበር። እግሯ ግን ማበጡን አልተወም። በወሩ ስንመለስ ነርሷ ምን እንደምትጠጣ ጠየቀቻት። ቡና አለች። በምን? በጨው ነዋ። እኔ ድስት ስጠብቅ እማ በቀን ሦስቴ ጨው ትጠጣ ኖሯል፤ የምቀዳላትም እኔው ነኝ። በእኛ አገር ቡና መች ከምግብ ተቆጥሮ ያውቃል? ከዚያ ወዲህ ከስኒዋም ጨው ቀረ። እብጠቱ ጎደለላት፣ እስከ ሐይቁ ዳር በእግሯ መሄድ ጀመረች።

ያኔ ጦርነቱ መጣ። በአህያ ጭነናት አምባሰል፣ የአባባ ወዳጅ ከነበሩት ከጋሽ ወልዴ ቤት ገባን። የደሴ መንገድ ተዘጋ፣ መድኃኒቷም አለቀ። ባለቤታቸው እትዬ ጸዳለ አላህ ይስጣት፣ ካላት አልሰሰተችብንም። ቤታቸው በገባን በአሥራ ሁለተኛው ቀን የእማ ፊት አበጠ፣ ሽንቷም ቀነሰ።

ያለፈች ዕለት ጠዋት እጄን ይዛ «አሲያ ልጄ፣ አንዲት ስኒ፣ እንደ ድሮው» አለችኝ። እትዬ ጸዳለ ጨው ቆንጥራ ዓይን ዓይኔን ታየኛለች። እምቢ አልኩ። መንገዱ ይከፈታል፣ ሐኪም ዘንድ እናደርሳታለን ብዬ ነዋ። ያለ ጨው ቀዳሁላት፤ አንዴ ፉት አለችና መለሰችልኝ። ቀትር ሳይሆን ሄደች።

እንዳዘዘው ነው ያበላኋት፣ ወንድሜ። የሚያንገበግበኝም እሱ ነው። ሐይቅ ከተመለስኩም በኋላ እትዬ ጸዳለ እየደወለች «እንድትድን ብለሽ ነው» ትለኛለች፤ አይገባልኝም።

ሰዑድ ከሥራ ስትገባ እግርህ እንደሚያብጥ ነገረኝ። ለምን ደበቅከኝ? በእማ አፈር ይዤሃለሁ፣ ሂድና ተመርመር። በራስህ ግምት መድኃኒት አትዋጥ፤ ምን እንደምትበላ፣ ምን ያህል እንደምትጠጣ ሐኪሙን ጠይቀው፣ ቡናህንም አትደብቀው። የላክሁልህ በርበሬ ጨው የለበትም፤ ቀምሰህ እንዳትረግመኝ።

አጎታችን አብደላ በዱአ እንዳልረሳሁት ንገሪው ብሎኛል። ልጄ መስኡዳ አጎቴ መቼ ነው የሚመጣው እያለች ትጨቀጭቀኛለች። ጋሽ ወልዴና እትዬ ጸዳለም ሰላም ብለውሃል።

የእማ ስኒ አልተሰበረችም፣ ጠቅልዬ አስቀምጫታለሁ። ስትመጣ የምቀዳልህ በእሷ ነው። መጀመሪያ ግን የምርመራህን ወረቀት አሳየኝ፤ ጨው ልጨምርበት ወይስ ይቅርብህ፣ እሱን አይቼ ነው። ሁለተኛ በጭፍን አልከለክልም፣ በጭፍንም አልሰጥም።

እህትህ አሲያ
ሐይቅ፣ ጥር 19 ቀን 2014 ዓ.ም.