አስፋልት ስለዋጣቸው ሁለት የቤተ ክርስቲያን ደረጃዎች

ለተከበሩ አቶ ዋርነር ፕሩዊት
የግራን ሶል አውራጃ የአደጋ መከላከል ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ሉዊዚያና

ክቡር ሆይ፣

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ጽሕፈት ቤትዎ ከፍታ ላይ የተሠራ በመሆኑ እግርዎ ደረቅ እንደሆነ አምናለሁ፤ ደረቅነቱም እንዲጸናልዎ እመኛለሁ።

ከሁሉ አስቀድሜ ስለ እኔ የሚወራውን ማረም ይኖርብኛል። ኤስቴል ፎንተኖ ከትናንት ጀምሮ ወደ ጽሕፈት ቤትዎ ስድሳ ጊዜ ደውላ ስልክ ተቀባይዋን ሰድባ አስለቀሰች ይባላል አሉ። የደወልኩት አሥራ ሰባት ጊዜ ነው፤ እያንዳንዱን ከነደቂቃው ጽፌዋለሁ። ልጅቱንም አልሰደብኳትም። ተንጋልላ ስትናገር ድምፅዋ ስለሚታፈን ቀጥ ብላ እንድትቀመጥ ብቻ ለመንኳት። ቀጥ ስትል እያንዳንዱ ቃሏ ጥርት ብሎ ተሰማኝ፤ ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝም የሰማሁት ነው።

በግራን ሶል ትምህርት ቤት ሠላሳ ስምንት ዓመት አስተምሬአለሁ። አሁን ሰማንያ አንድ ዓመቴ ነው፤ ከስድስት ዓመት ወዲህ ከባሕሩ የአምስት ሰዓት መንገድ ርቄ በልጄ ቤት እኖራለሁ። ታናሽ እህቴ ዜልማና ባሏ አልሲድ ግን ከቤተ ክርስቲያኑ ፊት ለፊት ባለው የወላጆቻችን ቤት ቀርተዋል። ዜልማ ሰባ ስምንት ዓመቷ ነው፤ አልሲድ ያለ መደገፊያ ከአልጋው እስከ ወንበሩ እንኳ መድረስ አይችልም። አውሎ ነፋሱ ትናንት ባሕሩን ወደ ከተማዋ አስገባው። ከትናንት ሰባት ሰዓት ወዲህ ስልካቸው አይጠራም።

ለክቡርነትዎ አመቺ እንዲሆን ቅሬታዎቼን በቁጥር አስቀምጫለሁ።

፩. ስለ ማስጠንቀቂያው አመሰግናለሁ። «ግራን ሶልን አሁኑኑ ለቀው ይውጡ» የሚለው መልእክትዎ ትናንት ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ፣ በልጄ ማድ ቤት ሽንኩርት ስከትፍ ደርሶኛል። ቁጥሬ ከመዝገባችሁ እንዲሰረዝ ያመለከትኩት ከስድስት ዓመት በፊት ነበር። የእጅ ስልክ ለሌላት እህቴ ግን አልደረሳትም። አስቀድማችሁ የምታስጠነቅቁት በርቀት ያለነውን ከሆነ፣ አሠራሩ እንከን የለውም።

፪. ስለ መንገዱም አመሰግናለሁ። ክቡርነትዎ የሌላ አገር ሰው ስለሆኑ ላስረዳ። በግራን ሶል ውኃ የሚለካው በቤተ ክርስቲያኑ ደረጃ ነው። ደረጃዎቹ ዘጠኝ ናቸው። ውኃው አራተኛው ላይ ሲወጣ ወደ ሰሜን የሚያሻግረው ድልድይ ሊዋጥ አንድ ሰዓት ይቀረዋል፤ ስለዚህ ድስቱን እሳት ላይ ትተን እንወጣለን። ይህን ከእናቴ ተምሬ፣ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ደረጃ እየሣልኩ ለከተማው ልጆች ሁሉ አስተምሬአለሁ። ባለፈው ወር በሬዲዮ «የአሮጊቶች ቆጠራ» ብለው የጠሩት ይህንኑ ነው።

ከሁለት ዓመት በፊት የቤተ ክርስቲያኑን ፊት ለፊት አስዋቡልን። መንገዱ በአስፋልት ከፍ አለ፤ ስምዎ የተቀረጸበት የነሐስ ሰሌዳ ግድግዳው ላይ ተለጠፈ፤ ሪባን ተቆረጠ። ዜልማ የዕለቱን ፎቶግራፍ በፖስታ ላከችልኝ፤ እኔም የማቀዝቀዣው በር ላይ ለጠፍኩት።

ትናንት ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ዜልማ ደወለች።

«እታለም፣ በመስኮት እያየሁት ነው። ሁለተኛው ላይ ወጥቷል። ሬሚ መኪናውን አስነስቶ በር ላይ ቆሟል፤ ኑ ልውሰዳችሁ ይላል።»

ሬሚ በጀልባው ሽሪምፕ የሚያጠምድ ዓሣ አጥማጅ ነው፤ ድሮ ተማሪዬ ነበር።

«ገና ሁለት ደረጃ አለሽ» አልኳት። «አልሲድን በነፋስ አታንገላቺው። ሬሚን በሰላም ሂድ በይው፤ እሱ ያኔም መቁጠር አይወድም ነበር።»

አልሲድ ከኋላ ሲጮህ ሰማሁት፤ «መምህርቷ ካሉማ አለቀ! ውኃውም እጁን አውጥቶ ነው ፈቃድ የሚጠይቀው!»

ሦስታችንም ሳቅን። ሬሚ ሄደ።

ሰባት ሰዓት ላይ እንደገና ደወለች። «ሦስተኛው ላይ ነው፤ ግን እኮ እታለም፣ እኛ በረንዳ ላይ...» ስትል መስመሩ ተቋረጠ። መልእክትዎ ሲደርሰኝ ቢላዋዬን አስቀምጬ ወደ ማቀዝቀዣው ዞርኩ። በፎቶግራፉ ላይ ያሉትን ደረጃዎች በእርሳስ ጫፍ ሦስት ጊዜ ቆጠርኳቸው። ሰባት ናቸው። ሁለቱ አስፋልትዎ ሥር ናቸው። ዜልማ ሁለተኛው ያለችኝ አራተኛው ነበር።

፫. ሦስተኛው ቅሬታዬ በእርስዎ ላይ አይደለም። ያ ፎቶግራፍ ሁለት ዓመት ሙሉ ወተት ባወጣሁ ቁጥር ፊቴ ነበር። የመጀመሪያውን ሳያረጋግጥ የሚቆጥረውን ልጅ ዜሮ እየሰጠሁ ያስለቀስኩ ሴት፣ የመጀመሪያውን ሳላረጋግጥ ቆጠርኩ። እህቴን ከተዘጋጀ መኪና ያስቀረኋት እኔ ነኝ። ይህ ለጽሕፈት ቤትዎ መከላከያ እንደሚጠቅም አውቃለሁ፤ ቢሆንም ስላልጠየቃችሁኝ ብቻ ልደብቀው አልችልም።

፬. ስለ ደንቡ ደግሞ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ስልክ ተቀባይዋ እንዳለችኝ፣ «እማማ፣ ጀልባ የሚላከው ጥያቄው ከራሱ ከቤቱ ስልክ ሲመጣ ነው።»

«የቤቱ ስልክ ውኃ ውስጥ ነው» አልኳት።

«እንግዲያው መሥራት ሲጀምር ይደውሉ ይበሏቸው።»

«በምን ልበላቸው?»

በአሥራ ሰባተኛው ጥሪ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እማማ፣ የእኔም አያት እዚያው ናት። እኔንም እንደዚሁ ነው ያሉኝ» አለችኝ። ስሟን አልጽፍም፤ ለማወቅ ቢጓጉ፣ ካሉዎት ሠራተኞች ቀጥ ብላ የምትቀመጠዋ እሷ ናት።

እንግዲህ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ስልክ ሳይጠብቁ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ፊት ለፊት ወዳለው አረንጓዴ መዝጊያ ወዳለው ቤት ጀልባ ይላኩ። እንደ ቤቶቻችን ሁሉ፣ ጣራ ቀዶ ለመውጣት ከጣራው ሥር ባለው ሰገነት ላይ መጥረቢያ ተቀምጧል፤ ዜልማም ክንዷ ብርቱ ነው። ነገር ግን ወደ ሰገነቱ የሚያወጣው መሰላል ነው፤ አልሲድ መሰላል አይወጣም፤ እሷም እሱን ትታ አትወጣም። ስለዚህ ጣራው ላይ ሰው ባይታይ፣ ቤቱ ባዶ ነው ብለው እንዳያልፉ በትሕትና አሳስባለሁ።

ውድ ጊዜዎን ስለሰጡኝ፣ ባይሰጡኝም እንደሰጡኝ ቆጥሬ፣ ከፍ ካለ አክብሮት ጋር እሰናበታለሁ።

የክቡርነትዎ ታዛዥና መቁጠር ያቃታት
ኤስቴል ፎንተኖ፣ ጡረተኛ መምህርት

ማሳሰቢያ፦ የነሐስ ሰሌዳዎ በፎቶግራፉ ላይ ከአምስተኛው ደረጃ ትይዩ ይታያል። ስለዚህ ከደረቁ ቢሮዎ ወጥተው ስምዎን ማንበብ ከቻሉ ውኃው እየወረደ ነው ማለት ነው። በሁለት ዓመት ውስጥ ያ ሰሌዳ ለከተማዋ የሰጠው የመጀመሪያ አገልግሎት ይሆናል።

ነገ የት እንደምገኝ ማወቅ ቢፈልጉ ደግሞ፦ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ለሬሚ እደውላለሁ፤ ጀልባውን ይዞ ወደ ከተማዋ ሊመለስ ነው። መጀመሪያ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ፤ ቀጥሎ የመሰላሉን ቦታ እነግረዋለሁ። ከዚያ ለጽሕፈት ቤትዎ አሥራ ስምንተኛውን ጥሪ አደርጋለሁ። ከዚያ ወደ እህቴ ቤት እደውላለሁ። ካነሳች፣ ከሰላምታ በፊት የተሳሳትኩት እኔ እንደሆንኩ እነግራታለሁ። ከዚያም በመስኮት አይታ ደረጃዎቹን እንድትቆጥርልኝ እጠይቃታለሁ፤ ከታች ሳይሆን፣ ከላይ ጀምራ፣ ደረቅ የቀሩትን ብቻ።