የመብረቁ ዋስ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 14

ፈረምኩ። ምን ላይ እንደፈረምኩ ያወቅሁት ግን ከፈረምኩ በኋላ ነው።

ምሳ ሰዓት ላይ፣ ምግብ ቤቴ በሾፌርና በረዳት ጢም ብሎ ሳለ፣ የስፖርት ኮሚቴው ሊቀመንበር በላቸው ወረቀት ይዞ ከች አለ። ይህ ሰው ሲርበው «እትዬ አስካለ» ይለኛል፤ አንድ ነገር ሲፈልግ «ጓድ አስካለ» ይለኛል። ዛሬ ጓድ ነበርኩ። «ጓድ አስካለ፣ እዚህች ጋ አውራ ጣትዎን ጣል ያድርጉልኝ» ብሎ የቀለሙን ሳጥን ሲከፍት ደሜ ፈላ። እኔ እኮ የመሠረተ ትምህርት የምስክር ወረቀቴን ግድግዳ ላይ የሰቀልኩ ሰው ነኝ። ይህን ደብተር ራሱ የሸለሙኝ ከሴቶቹ አንደኛ ወጥቼ ነው። «ቀለምህን ክደን፤ እስክሪብቶ አምጣ» አልኩትና ሾፌሩ ሁሉ እያየ ስሜን ከነአባቴ ቁልጭ አድርጌ ጻፍኩ። አጨበጨቡልኝ።

ከዚያ ማንበብ ጀመርኩ። ንባቤ እንደ ጽሕፈቴ አይፈጥንም። ሦስተኛው መስመር ላይ «ዋስ» ይላል። አምስተኛው ላይ «በከባድ ውንብድና የተከሰሰው»። ሰባተኛው ላይ «ተከሳሹ ሰኞ ጥቅምት 20 ከጠዋቱ በሁለት ሰዓት ፍርድ ቤት ባይቀርብ ዋሱ በእግሩ ተተክታ ትታሰራለች»። ቀና ስል በላቸው የለም። በሱ ፈንታ ጌታሁን ከረጢቱን አንጠልጥሎ በሩ ላይ ቆሟል።

ጌታሁን ማለት የሸዋ ሮቢት ቡድን አጥቂ ነው። ሕፃን አዋቂው «መብረቁ» ይለዋል። ባለፈው ሳምንት ከኅብረት ሱቁ ግማሽ ኬሻ ስኳር ተሸክሞ ሲወጣ ዘበኛው ጋሽ ወልዴ «ቁም!» ቢሉት በዱላ መትቶ ቀኝ እጃቸውን ሁለት ቦታ ሰብሯል ተብሎ ነው የተያዘው። እሁድ ደግሞ ከአጣዬ ጋር ጨዋታ አለ። ያሸነፈ ደብረ ብርሃን ይሄዳል። ስለዚህ ከእስር ወጣ፤ ስለዚህ እኔ ፈረምኩ።

«እስከ ሰኞ እትዬ አስካለ ቤት እደር ብለውኛል» አለኝ ወለሉን እያየ።

ምን ይባላል? «ግባ እንጂ፤ በሩን አትዝጋብኝ፣ ደንበኛ ይግባበት» አልኩት።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 15

የኮሚቴው ትእዛዝ በጽሑፍ መጣ፦ ጠዋት ሦስት እንቁላል። ምሳ ሥጋ። ማታ ወተት። ፀሐይ ላይ እንዳይቆም። ሐሳብ እንዳይገባው።

ሐሳቡ ሁሉ እኔ ዘንድ ተጠራቅሞ እሱ ምን ሐሳብ ይገባዋል! ደግሞስ ዛሬ ረቡዕ ነው። ይህንኑ ለበላቸው ብነግረው «ጾም ጎል ለማያገባ ሰው ነው» አለኝ። ቤቴ ውስጥ በረቡዕ እንቁላል የሚጠበሰው እኔ ከሞትኩ በኋላ ነው ብዬ ሽሮ አቀረብኩ። ልጁ ሳህኑን ጥርግ አድርጎ በላ፤ ጨመርኩለት፤ እሱንም በላ።

ከዓይኔ እንዲጠፋ ስለማልፈልግ ልምምድ ሲሄድ ተከትዬው ሄድኩ። ሽንኩርቴን በወንፊት ይዤ ከሜዳው ዳር ተቀምጬ ከተፍኩ። እንባዬ ሲወርድ ያየ አንድ ሽማግሌ «አይዞሽ፣ እናሸንፋለን» ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ኳስ የሚባለውን ነገር በቅርብ ያየሁት ዛሬ ነው። ሃያ ሁለት ሰው አንዱን ያሳድዳል። እኔም ከዳር ሆኜ አንዱን አሳድዳለሁ።

ቤት ስንመለስ ጠያቂው ጉድ ነው። አስተማሪው መጣ፣ ጸጉር አስተካካዩ መጣ። «ጉልበቱ እንዴት ዋለ?» ይላሉ። ከክሊኒኩ ድሬሰሩ እንኳ ሁለት ጊዜ መጥቶ ጉልበቱን አሸለት። ሲወጣ አንድ ሳህን ጥብስ አዘዘ። ረቡዕ መሆኑን አስታውሼ እሱንም ሽሮ አበላሁት።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 16

ጋሽ ወልዴን ልጠይቅ ክሊኒክ ሄድኩ። ልጁን ብቻውን መተው አይሆንልኝም፤ ይዤው መግባትም ነውር ነው። ደጅ ከማንጎው ሥር አስቀመጥኩት። ወዲያው ሠላሳ ሰው ከበበው። ከዚህ የተሻለ ዘበኛ ከየት ይገኛል?

ጋሽ ወልዴ እጃቸው እስከ ትከሻቸው በጄሶ ተጠቅልሎ ተኝተዋል። ድሬሰሩ ከማክሰኞ ወዲህ አላያቸውም። የት እንደሚውል ስለማውቅ አፈርኩ።

«በላቸው ትናንት ሁለት ሽማግሌ ይዞ መጥቶ ነበር» አሉኝ። «ከመሰላል ላይ ወደቅሁ በል አሉኝ። ሱቁ መሰላል የለውም አልኳቸው። እሱን እኛ እናመጣለን አሉኝ።»

ሳቅሁ፤ እሳቸውም ሳቁ፤ ሲስቁ እጃቸውን ስላመማቸው ተውነው። ከዚያ ሱቁ ሌላ ዘበኛ እንደቀጠረ ነገሩኝ። ዱላ መያዝ የማይችል ዘበኛ ምን ያደርጋል ተባሉ። ከሁሉ ያንገበገባቸው ግን ሲያማትቡ በግራ እጃቸው መሆኑ ነው። ሰው እንዳያይ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ነው የሚጸልዩት። እኔም ወደ ግድግዳው ዞሬ እንባዬን ጠረግሁ፤ ዛሬ ሽንኩርት አልነበረም።

ልወጣ ስል ጠሩኝ።

«አስካለ፣ ጉልበቱ ግን ደህና ነው?»

«እርስዎም?!»

«ምን ላድርግ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ ደጋፊ ነኝ። እሁድ ይጫወት፤ አጣዬዎችን ይቅጣልኝ። ሰኞ ደግሞ እሱ ይቀጣ። እኔ የምለው ይኸን ብቻ ነው። ሰኞን እንዳይበሉብኝ።»

አልበላብዎትም አልኳቸው። ዋሱ እኔ መሆኔን ሲሰሙ «አይ አስካለ!» አሉ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 17

ዛሬም ጾም፣ ዛሬም የእንቁላል ጠብ። ደጋፊው ሁሉ እያመጣ እንቁላሎቹ ሠላሳ ሞልተዋል። ዶሮዎቹ ራሳቸው ሳይታዘቡኝ አልቀሩም።

ልጁ ዝም ብሎ መቀመጥ አይችልም። ውሃ ቀዳ፣ እንጨት ፈለጠ፣ ሳህን አጠበ። ሳህን ሲያጥብ ያየ አንድ ደጋፊ ጮኸብኝ፤ «የመብረቁን እጅ እኮ ነው የሚያደክሙት!» አለ። በእግሩ መስሎኝ የሚጫወተው አልኩት። ጌታሁን ድምፁ ሳይሰማ ሳቀ። እናቱ ቀወት ገጠር ውስጥ ናቸው፤ መታሰሩን እስካሁን አልሰሙም። ማታ ማታ ትራሱን አቅፎ ይተኛል፣ ጠዋት አልጋውን ያነጥፋል። ይህን ልጅ እየወደድኩት እንዳይሆን ፈራሁ። የሰው እጅ የሰበረ ሰው ነው እኮ፤ አስካለ፣ ልብ ግዢ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 18

ዛሬስ ጉድ ሰማሁ።

የጀውሃው አሊ፣ ተሳቢ መኪና የሚነዳው ደንበኛዬ፣ ምሳውን እየበላ «እትዬ፣ ለነገ ጋቢና ውስጥ አንድ ቦታ ክፍት አድርግ ተብያለሁ፤ ስንቅ እርስዎ ነዎት የሚያዘጋጁለት?» አለኝ።

«ለማን?»

«ለመብረቁ ነዋ። ጨዋታው እንዳለቀ ደሴ አድርሰው ብለውኛል። ወላሂ እርስዎ የሚያውቁ መስሎኝ ነው።»

ጉልበቴ ከዳኝ፤ የኔን ጉልበት ደግሞ የሚያሽ ድሬሰር የለም። ሽርጤን ሳልፈታ በላቸው ቢሮ ገባሁ። አልካደም። ነገሩ እስኪበርድ ነው አለኝ። ደሴ አንድ ቡድን ያስቀምጠዋል፣ ለደብረ ብርሃኑ ጨዋታ በዚያው በኩል ይመጣል።

«እኔስ?» አልኩት።

«እርስዎማ ቢበዛ ጥቂት ወር ነው። ሴት ስለሆኑም አያጨናንቁዎትም። ለወረዳው ስፖርት የተከፈለ መስዋዕትነት ነው። ስንቅዎን ኮሚቴው ያቀርባል።»

«ሦስት ሦስት እንቁላል?»

ትንሽ ያሰበበት መሰለኝ።

ቤት ስመለስ ጌታሁንን ፊት ለፊት ያዝኩት። ታውቃለህ? አልኩት። «ነግረውኛል» አለ። ትሄዳለህ ወይ? አልኩት። ወለሉን አየ። ይህ ልጅ ወለሌን እንደሚያየው ሰው ቢያይ ኖሮ የት በደረሰ ነበር። እንስራውን ይዞ ውሃ ሊቀዳ ወጣ፤ እኔም እንስራውን ተከትዬ ወጣሁ።

የሚያሳስበኝ፦ ቤቱን ማን ይከፍታል። ጤፉ ገና አልተፈጨም። ለጋሽ ወልዴ አልበላብዎትም ብያለሁ። እስር ቤት ትኋን አለ ይባላል።

እሁድ፣ ጥቅምት 19

የምጽፈው በቀኝ እጄ ብቻ ነው፤ በግራው ነጠላዬን ጨብጫለሁ። በተራ ልጻፍ።

ከተማው ሁሉ ሜዳ ነበር። ጋሽ ወልዴ ጄሷቸውን በሻሽ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው መጡ። አጣዬዎች ቀድመው አገቡ። ከዚያ ጌታሁን አንድ አገባ። ሊያልቅ ሲል ሁለተኛውን አገባ። ጋሽ ወልዴ በአንድ እጅ ማጨብጨብ ስላቃታቸው ጭናቸውን ይደበድቡ ነበር፤ እየደበደቡም ይራገሙ ነበር። እኔም ጮኼያለሁ። አልዋሽም።

ፊሽካው እንደተነፋ ሕዝቡ በትከሻው አነሳው። ወዴት እንደሚወስዱት አየሁ፤ ወደ አስፋልቱ፣ ወደ አሊ መኪና። በላቸው ከፊት ሆኖ መንገድ ያስለቅቃል። እኔ በሽንኩርት ወንፊቴ እየገፋሁ ገባሁ። መኪናው አጠገብ ሲያወርዱት ደረስኩና ሌላ መላ ሲጠፋኝ የነጠላዬን ጫፍ ከማልያው ጫፍ ጋር ቋጠርኩት።

ቁራኛ ነው። አባቴ ያወሩን ነበር። በድሮ ጊዜ ከሳሽና ተከሳሽ ልብሳቸው ተቋጥሮ አብረው ዳኛ ፊት ይሄዱ ነበር። ቋጠሮውን ከዳኛ በቀር ማንም አይፈታም፤ የፈታ ሰው ሰው አይባልም። ሲቋጠር ደግሞ በንጉሥ ስም ነው። በማን ስም ላስር? የድሮው የሉም፤ የአሁኑን ስም ያለ ስብሰባ መጥራት ያስፈራል። «በእናትህ» አልኩት።

ጌታሁን ቀጥ አለ። በላቸው «ይህ የፊውዳል ልማድ ነው! ፍቱት!» ብሎ ጮኸ። ማንም እጁን አላነሳም። አሁን ሲጨፍሩ የነበሩት ሽማግሌዎች ጭፈራቸውን አቆሙ። ከመካከላቸው አንዱ፣ በላቸው ጋሽ ወልዴ ዘንድ ይዞት የሄደው ራሱ፣ «ተው፣ ቁራኛ አይነካም» አለውና መንገድ ለቀቀልን። አሊ ሞተሩን አጠፋ።

ተቋጥረን ጣቢያ ሄድን። ተረኛው ፖሊስ መጀመሪያ «ስንት ለስንት ወጣችሁ?» አለ። ሁለት ለአንድ አልነው። ከዚያ «ዛሬ እሁድ ነው፤ ነገ ኑ» አለን።

ስለዚህ ተመልሰናል። እራት ተቋጥረን በላን። አሁን እሱ ወለሉ ላይ፣ እኔ መደቡ ላይ፣ ነጠላው መሃላችን። እንቅልፍ ከወሰደኝ አንድ ጊዜ ሳብ ማድረግ ብቻ ነው የሚበቃው። ላለመተኛት ነው ይህን ሁሉ የምጽፈው።

ሰኞ፣ ጥቅምት 20

ተኝቻለሁ። ደብተሩ ደረቴ ላይ ሆኖ ነጋ። ብንን ስል ነጠላዬ እንደተቋጠረ ነው። ልጁ ቁጭ ብሎ ፊቱን ሊታጠብ እኔን ይጠብቃል።

ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ፍርድ ቤት ደረስን። ግቢው በደጋፊ ተሞልቷል፤ ሰላም ያለኝ የለም። አንዲት ሴትዮማ ምራቋን ትፍ አለችብኝ። ዳኛው ቋጠሮውን አይተው መነጽራቸውን አወለቁ፤ «ይህን የሰማሁት ከአያቴ ነው» ብለው ራሳቸው ከወንበራቸው ወርደው ፈቱት። ላብ አጥብቆት ስለነበር አስቸገራቸው። የዋስትናዬን ወረቀት መለሱልኝ። አጣጥፌ መቀነቴ ውስጥ ከተትኩት። ልወጣም ተነሳሁ፤ ግን በሩ አጠገብ ቆምኩ።

ክሱ ተነበበ። ጋሽ ወልዴ ከፊት አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል። በላቸው ከኋላቸው ሆኖ ጆሯቸው ላይ ስለ መሰላል ይንሾካሾካል።

«ምን ትላለህ?» አሉት ዳኛው። «ስኳሩን ወስደሃል? እኚህን ሰው መተሃል?»

«አዎ። መታኋቸው» አለ ጌታሁን።

የበላቸው አፍ እንደተከፈተ ቀረ። ዳኛው ራሳቸው ደነገጡ መሰለኝ፤ ወረቀቱን አገላበጡ።

«ከተያዝክ ስንት ቀንህ ነው። ለፖሊስ ይህን ለምን አልተናገርክም?»

«አልጠየቁኝም።»

«እንዴት አልጠየቁህም?»

«ጉልበቴን ነው የጠየቁኝ» አለ። «ሁሉም ሰው የሚጠይቀኝ ጉልበቴን ነው። መታህ ወይ ብሎ የጠየቀኝ እርስዎ ነዎት።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ፤ ከዚያ ማንም አልሳቀም። ፍርዱ ለሌላ ቀን ተቀጠረና ጌታሁንን ይዘውት ወጡ። በጋሽ ወልዴ በኩል ሲያልፍ ቆሞ «ይቅር ይበሉኝ» አላቸው። እሳቸው ይቅርም አላሉ፣ አልረገሙምም። ብቻ «ሁለተኛዋን በግራህ ነው ያገባሃት አይደል?» አሉት። አዎ አለ። ከዚያ ሽማግሌው በጤነኛ እጃቸው ፊታቸውን ሸፍነው አለቀሱ።

ምሳ ላይ ቤቴ ባዶ ነበር። አሊ ብቻ መጥቶ በላ። ነገም የሚመጣ አይመስለኝም፤ ከተማው እንዳኮረፈኝ ያስታውቃል። ይኮርፍ። እኔን የሚያቃጥለኝ እሱ አይደለም። ስድስት ቀን ሙሉ ስለ ጉልበቱ ያልጠየቅሁት እኔ ብቻ ነኝ እያልኩ ስኮራ ነበር። ቤቴ አድሮ፣ እንጀራዬን በልቶ፣ ሳህኔን ሲያጥብ፣ እኔስ ምን ጠየቅሁት? ትሄዳለህ ወይ ብዬ ነው። የራሴን እስር ፈርቼ።

ዛሬ ዋሱ አይደለሁም፤ ምንም ግዴታ የለብኝም። ግን እናቱ ሩቅ ናቸው፤ ስንቅ የሚያቀብለው የለም። ነገ ምሳውን ይዤለት እሄዳለሁ። ከፊቱ ቁጭ ብዬ ለምን መታሃቸው ብዬ እጠይቀዋለሁ፤ እስኪነግረኝም ድረስ አልነሳም።